ከካሜራ እስከ ባነር፦ የፎቶ ጥራት የት ላይ ይጠፋል?

የምርቃት ሰሞን በመጣ ቁጥር ሐዋሳ ውስጥ ተመሳሳይ ክርክር ይነሳል። ፎቶው ስልክ ላይ ኩልል ብሎ ይታያል። ባነር ላይ ሲታተም ግን ብዥ ይላል። ቤተሰብ ማተሚያ ቤቱን ይወቅሳል። ማተሚያ ቤቱ «የላካችሁልን ፎቶ ነው እንዲህ የሆነው» ይላል። ፎቶ አንሺው ደግሞ በጥሩ ካሜራ እንዳነሳ ይምላል። ብዙ ጊዜ ሦስቱም እውነታቸውን ነው። ጥራቱ የጠፋው ፎቶው ከካሜራ ወጥቶ ማተሚያ ቤት እስኪደርስ ባለው መንገድ ላይ ነው። እዚያ መንገድ ላይ ደግሞ ሲጠፋ ያየ ሰው የለም።

በክርክሩ መሃል የሚወረወሩ ማብራሪያዎችም አሉ። «ቴሌግራም ፎቶ ይበላል።» «ፒኤንጂ አድርገህ ላክልኝ፣ ጥራቱ ይጨምራል።» «የኔ ስልክ 108 ሜጋፒክስል ነው፣ ችግሩ ከኔ አይደለም።» «ፎቶ በተከፈተ ቁጥር ይደበዝዛል።» አንዳንዱ እውነትነት አለው፣ አንዳንዱ ጭራሽ የለውም። ለመለየት ፋይሉ ውስጥ ምን እንዳለና ሲጨመቅ ምን እንደሚወጣ ማየት ያስፈልጋል።

## ፎቶ ለምን ይጨመቃል?

ዲጂታል ፎቶ ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ፒክስል ሦስት ቁጥሮች አሉት፦ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ብርሃን መጠን። ቁጥሮቹ ከ0 እስከ 255 ይሄዳሉ። ሦስቱ ሲቀላቀሉ ከ16 ሚሊዮን በላይ የቀለም ዓይነት ይወጣል።

በብዙ ስልኮች የሚነሳ የተለመደ ፎቶ 4000 በ3000 ፒክስል ነው። ሲባዛ 12 ሚሊዮን ይመጣል፤ «12 ሜጋፒክስል» የሚባለውም ይኸው ነው። አንዱ ፒክስል ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ ፎቶው ሳይጨመቅ ቢቀመጥ 36 ሜጋባይት ይሆናል። ጋለሪያችሁ ውስጥ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ነው። ማለትም ስልኩ ራሱ ፎቶውን ሲያስቀምጥ ወደ አንድ አስረኛ ገደማ ጨምቆታል። ይህ የመጠን መቀነስ ሥራ ኮምፕሬሽን ወይም ጭመቃ ይባላል።

ስለዚህ ያልተጨመቀ ፎቶ የሚልክ ሰው እምብዛም የለም። መጠየቅ ያለበት ፎቶው ስንት ጊዜ፣ ምን ያህልና የት እንደተጨመቀ ነው።

ስለ 108 ሜጋፒክስሉም ጥቂት እንበል። እንዲህ ያሉ ብዙ ስልኮች በተለመደው አነሳስ ዘጠኝ ዘጠኝ ፒክስል አዋህደው 12 ሜጋፒክስል ፎቶ ነው የሚሰጡት። ይህን የሚያደርጉት በደብዛዛ ብርሃን የተሻለ ምስል ለማግኘት ነው፤ ጥሩ ምክንያት ነው። ሙሉውን 108 የሚፈልግ ሰው ካሜራው ውስጥ ገብቶ ለብቻው መምረጥ አለበት።

## ሁለት ዓይነት ጭመቃ

ጭመቃ በሁለት ይከፈላል። አንዱ ምንም ሳይጥል የሚጨምቅ ነው። ሌላው ዓይን አያስተውለውም ብሎ የገመተውን እየጣለ ይጨምቃል።

ፒኤንጂ ከመጀመሪያው ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ነው። ከሱ በፊት የነበረው ጂአይኤፍ በአንድ ምስል ከ256 ቀለም በላይ አይችልም ነበር። የሚጠቀምበት የጭመቃ ዘዴም በፓተንት የተያዘ ስለነበር ክፍያ ሲጠየቅበት ባለሙያዎች ነጻ አማራጭ ፈለጉ፤ ፒኤንጂ የዚያ ውጤት ነው። የሚሠራው ድግግሞሽ እየፈለገ ነው። በአንድ መስመር ላይ 500 ነጭ ፒክስሎች ተከታትለው ቢመጡ እያንዳንዱን አይጽፍም፤ «ነጭ፣ 500 ጊዜ» እንደማለት አድርጎ ያሳጥራል። ሲከፈት ሁሉም ፒክስል እንደነበረ ይመለሳል።

ይህ ለሎጎ፣ ለስክሪንሻትና ጽሑፍ ለበዛበት ምስል ግሩም ነው። ለፎቶ ግን አይመችም። የሐዋሳ ሐይቅ ላይ የሚንቀሳቀሰውን ውሃ ያነሳ ሰው ሁለት ፍጹም ተመሳሳይ ፒክስሎች ጎን ለጎን ማግኘቱ ያጠራጥራል። ድግግሞሽ ከሌለ የሚያጥር ነገር የለም። በዚህ ምክንያት ያው ፎቶ በፒኤንጂ ሲቀመጥ ከጄፔጉ በብዙ እጥፍ ይከብዳል።

ጄፔግ የሁለተኛው ወገን አውራ ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1986 ከተቋቋመው የፎቶ ባለሙያዎች ኮሚቴ ነው። ደረጃው የወጣው በ1992 ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶም ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው የፎቶ ፎርማቶች አንዱ ነው። በነገራችን ላይ ጄፔግና ጄፒጂ አንድ ናቸው። የድሮ ኮምፒውተሮች የፋይል መለያን ከሦስት ፊደል በላይ ስለማይቀበሉ ነው አንዷ ፊደል የወደቀችው።

## ጄፔግ ምን ይጥላል?

የሰው ዓይን የብርሃን ልዩነትን አጥርቶ ያያል። የቀለም ልዩነትን ግን ያን ያህል አይለይም። ጄፔግ ይህን ድክመት ይጠቀምበታል። መጀመሪያ ብርሃኑንና ቀለሙን ለየብቻ ያደርጋል። ከዚያ በብዛት በሚሠራበት አቀማመጥ የቀለሙን መረጃ በቁመትም በወርድም በግማሽ ይቀንሳል። አራት ፒክስሎች አንድ ቀለም ይጋራሉ ማለት ነው። ፊት ላይ ወይም ዛፍ ላይ አይታወቅም። ሰማያዊ ባክግራውንድ ላይ በቀጭኑ የተጻፈ ቀይ ጽሑፍ ላይ ግን ወዲያው ይታወቃል፤ የፊደሉ ጠርዝ ቀለሙን ወደ ጎረቤቱ ያፈሳል።

ቀጥሎ ምስሉ 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ይከፋፈላል። ባለ 12 ሜጋፒክስሉ ፎቶ 187,500 ካሬዎች ይወጡታል። እያንዳንዱ ካሬ በሒሳብ ቀመር ይለወጥና «ለስለስ ያለው ለውጥ ይህን ያህል፣ ጥቃቅኑ ዝርዝር ይህን ያህል» በሚሉ ቁጥሮች ይገለጻል። ይህን ቀመር ናሲር አህመድ የተባሉ ትውልደ ሕንድ ኢንጂነር ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1974 ነበር ያሳተሙት። እስከዚህ ድረስ ከካሬው ምንም አልጠፋም ማለት ይቻላል።

መጣሉ የሚመጣው በሚቀጥለው እርምጃ ነው። የጥቃቅኑን ዝርዝር የሚገልጹት ቁጥሮች በትልቅ ቁጥር ይካፈሉና ወደ ሙሉ ቁጥር ይጠጋጋሉ። አብዛኞቹ ዜሮ ይሆናሉ። ዜሮ የሆነው አይመለስም። ፎቶ ስታስቀምጡ «ጥራት» እያለ የሚጠይቃችሁ ማንሸራተቻ የሚቀይረው ይህን ማካፈያ ነው። ጥራቱ ሲወርድ ማካፈያው ይተልቃል፣ ዜሮውም ይበዛል።

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ካለው ከአሞራ ገደል የተነሳ አንድ የማለዳ ፎቶ ብንወስድ ነገሩ ጥርት ይላል። ከላይ ሰማይ አለ። ሰማዩ ውስጥ ያሉት ካሬዎች ለውጣቸው ትንሽ ስለሆነ በሁለት ሦስት ቁጥር ይገለጻሉ። ከታች ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ዘርግተዋል፣ አባኮዳዎቹም አጠገባቸው ቆመዋል። የመረቡ እያንዳንዱ ዓይን፣ የወፏ እያንዳንዱ ላባ በብዙ ቁጥር ካልሆነ አይገለጽም። በአንድ ካሜራ የተነሱ ሁለት ፎቶዎች አንዱ 2፣ ሌላው 6 ሜጋባይት የሚመዝኑት ለዚህ ነው። ጭመቃው ሲጠነክር መጀመሪያ የሚጎዳውም ይታወቃል። የመረቡ ክር አንድ ግራጫ ጨርቅ ይመስላል። በወፏ ምንቃርና በሰማዩ መካከል አቧራ የመሰለ ነጠብጣብ ይነሳል። ሰማዩ ደግሞ ቀስ እያለ መቅለል ሲገባው እንደ ደረጃ ይቆራረጣል።

ሁለት ስህተቶችን እዚህ ላይ ማረም ይቻላል። የመጀመሪያው፣ ጥራት 100 ማለት ምንም አልጠፋም ማለት አይደለም። ቁጥሩ መቶኛም አይደለም። አንዱ ፕሮግራም ላይ 80 የተባለው ሌላው ላይ ካለው 80 ጋር ላይገጥም ይችላል። ሁለተኛው፣ ፎቶ ስለተከፈተ ወይም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ስለተገለበጠ አይደበዝዝም። ፋይሉ ያው ነው። የሚጎዳው ተከፍቶ፣ ተነካክቶ እንደገና ጄፔግ ሆኖ ሴቭ ሲደረግ ነው። ያኔ ማጠጋጋቱ ከአዲስ ይጀምራል። አንዴ ብዙም አይጎዳም። ስድስት ሰባት ጊዜ በዝቅተኛ ጥራት ሲደጋገም ግን ጉዳቱ ፊት ላይ ይነበባል።

## ቴሌግራም ላይ ምን ይፈጠራል?

«ቴሌግራም ፎቶ ይበላል» የሚለው አባባል ሥሩ እዚህ ነው። ፎቶ በተለመደው መንገድ ሲላክ መተግበሪያው ሁለት ነገር ያደርጋል። በመጀመሪያ መጠኑን ያሳንሳል፤ ለዓመታት በተለመደው አላላክ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክስል ሲወርድ ቆይቷል። ከዚያ እንደገና በጄፔግ ይጨምቀዋል።

ሰው የሚያወራው ስለ ሁለተኛው ነው። ከባዱ ጉዳት ግን የመጀመሪያው ነው። 4000 በ3000 የነበረው ፎቶ 1280 በ960 ሲሆን፣ ከ12 ሚሊዮን ፒክስል የሚተርፈው 1.2 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከአሥሩ ዘጠኙ ሄደ።

አሁን አሥር ተመራቂዎች ጋውን ለብሰው ተደርድረው የተነሱትን ፎቶ አስቡ። 1280ው ለአሥር ሲካፈል ለአንድ ሰው 128 ፒክስል ወርድ ይደርሰዋል፤ ያውም ከነትከሻው። ፊቱ 50 ፒክስል ቢይዝ ነው። ይህ በወርድ ከስድስት ካሬ ብዙም አይበልጥም። አንድ ዓይን ከአንድ ካሬ ብዙም አይበልጥም። የቀለሙ መረጃ ደግሞ በግማሽ ስለተቀነሰ፣ የፊቱን ቀለም ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚገልጹት 25 ነጥቦች ብቻ ናቸው። የልጅቷን ፈገግታ ከዚህ ላይ አጉልቶ ባነር ላይ ለማውጣት የሚሞክር ዲዛይነር የሌለ ነገር ነው የሚፈልገው።

ታዲያ ስልክ ላይ እንዴት አምሮ ታየ? የብዙ ስልኮች ስክሪን ወርዱ 1080 ፒክስል አካባቢ ነው። 1280 ፒክስል ያለው ፎቶ ስክሪኑን ሞልቶ ይተርፋል። መተግበሪያዎቹ ይህን ልክ የመረጡትም ስልክ ላይ ለማየት ስለሚበቃ ነው። ፎቶውን ለማተም የሚያስብ ሰው በጣት ከፍቶ አጉልቶ ካላየው ጉዳቱን አያውቅም።

የአላላኩ ዓይነትም ልዩነት ያመጣል። ቴሌግራም ላይ ፎርዋርድ የተደረገ ፎቶ እንደገና አይጨመቅም፤ እዚያው ሰርቨር ላይ ያለው ፋይል ነው የሚታየው። ዳውንሎድ አድርጎ እንደ አዲስ መላክ ግን ሌላ ዙር ጭመቃ ሊያመጣ ይችላል። ከሁሉም የከፋው ስክሪንሻት ነው። የፎቶውን መጠን በስክሪኑ መጠን ይተካዋል፣ አንዳንዴም ሰዓቱንና የባትሪውን ምልክት ጨምሮ።

መፍትሔው እዚያው መተግበሪያ ውስጥ አለ። ፎቶውን «እንደ ፋይል» መላክ ነው። ያኔ አንድ ባይት ሳይቀነስ ይደርሳል። ዋትሳፕም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ኤችዲ የሚል አማራጭ አለው፤ የተሻለ ነው፣ ግን እሱም ይጨምቃል። እዚያም ቢሆን ለሕትመት የሚሻለው እንደ ዶክመንት መላክ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። በፋይል የተላከ ፎቶ ሲነሳ የተመዘገበበትን መረጃ ይዞ ይሄዳል። የስልኩ ካሜራ ቦታ እንዲመዘግብ ከተፈቀደለት ቤታችሁ ያለበት ቦታም አብሮ ይላካል። ለምታውቁት ማተሚያ ቤት ግድ ላይሰጥ ይችላል። በይፋ ቻናል ላይ ለመለጠፍ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል።

## ባነሩ ጋ ስንደርስ

ማተሚያ ቤቶች ጥራትን የሚለኩት በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ፒክስል እንዳለ ነው። እጅ ላይ ተይዞ ለሚታይ ወረቀት 300 ይመከራል። ከሩቅ ለሚታይ ባነር ከ72 እስከ 100 በደንብ ይበቃል፤ ከዚያ ያነሰ ቢሆን እንኳ ከመንገድ ማዶ ያስኬዳል።

ከቴሌግራም የወረደውን ባለ 1280 ፒክስል ፎቶ በዚህ ብንለካው፦ በ15 ሴንቲሜትር ወርድ ሲታተም በኢንች 217 ይወጣዋል፤ ለአልበም ደህና ነው። ኤ4 ወረቀት ሞልቶ ሲታተም ወደ 109 ይወርዳል፤ ማለስለሱ ይታያል። 3 ሜትር ባነር ላይ ሲዘረጋ 11 ብቻ ይሆናል። አንዱ ፒክስል ከ2 ሚሊሜትር በላይ ጎን አለው ማለት ነው። ሊቆጠር ምንም አልቀረው። ኦሪጅናሉ ፎቶ እዚያው ባነር ላይ 34 ይሰጣል። ይህም ከሚመከረው በታች ነው፤ ከጥቂት ሜትር ርቀት ግን ፊት ፊት ሆኖ ይታያል።

ማተሚያ ቤቶቹ «የመጣልን ነው» ሲሉ ይህን ማለታቸው ነው፤ ልክም ናቸው። ይሁንና ነገሩ እዚህ ላይ የሚያልቅ አይመስለኝም። የፋይሉን ፒክስል ማየት ጥቂት ሰከንድ ይወስዳል። ደንበኛው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት «ይህ ፎቶ ለ3 ሜትር አይሆንም፣ ኦሪጅናሉን በፋይል ላኩ» ማለት የባለሙያው ድርሻ ነው። ደንበኛው የፒክስል ሒሳብ እንዲያውቅ አይጠበቅም። በሐዋሳም ይህን የሚያደርጉ ማተሚያ ቤቶች አሉ፤ ደንበኛ የሚመላለስባቸውም እነሱ ቢሆኑ አይገርምም።

የቀለም መለዋወጥ የተለየ ጉዳይ ነው። ስክሪን በብርሃን፣ ማተሚያ በቀለም ይሠራሉ። ደማቁ የጋውን ሰማያዊ ታትሞ ሲመጣ ቢጠቁር ጥፋቱ የጭመቃ አይደለም።

## ስም መቀየር ጥራት አይመልስም

«ፒኤንጂ አድርገው» የሚለው ምክር ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ፒኤንጂ ምንም አይጥልም፣ ስለዚህ የተሻለ ነው ተብሎ ይታሰባል። ግን አንዴ በጄፔግ የተጣለውን ፒኤንጂ ከየት ያመጣዋል? የሚያደርገው የተጎዳውን ምስል ከነጉዳቱ በጥንቃቄ ማስቀመጥ ነው። ፋይሉ ይከብዳል፣ ፎቶው ያው ነው። ውሃ የበዛበት ሽሮ ትልቅ ድስት ውስጥ ቢገለበጥ አይወፍርም።

ፒኤንጂ የሚጠቅመው ከመነሻው ነው። ዲዛይን እየተሠራ ላለ ምስል፣ ለሎጎ፣ ጽሑፍ ላለበት ማስታወቂያ ጥሩ ነው። ለሎጎ እንዲያውም ከሱ የሚሻል አለ፤ ቬክተር የሚባለው። ቬክተር ፒክስል የለውም። መስመሩና ክቡ በቀመር ስለሚቀመጥ የቢዝነስ ካርድ ላይም፣ የሕንፃ ግንብ ላይም እኩል ይጠራል። በኮረልድሮው ወይም በኢለስትሬተር የተሠራ ሎጎ ዋናው ፋይል ቬክተር ነው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ግን ያን ፋይል ከዲዛይነሩ ሳይረከቡ ይቀሩና፣ ከፌስቡክ ገጻቸው ላይ የወረደ ጠርዙ የተበላ ምስል ለማተሚያ ቤት ይልካሉ። ሎጎ ስታሠሩ ቬክተሩን መረከብ ውል ውስጥ ቢገባ ይህ ሁሉ ይቀራል።

አዳዲስ ፎርማቶችም መጥተዋል። አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ኤችኢአይሲ የተባለ ፎርማት ይጠቀማል። ጎግል በ2010 ዌብፒን አወጣ። በ2019 ደግሞ ኤቪአይኤፍ መጣ። ሦስቱም ከቪዲዮ ጭመቃ ቴክኖሎጂ የተገኙ ናቸው፤ በተመሳሳይ ጥራት ከጄፔግ ያነሰ ፋይል ይሰጣሉ። በቴክኒክ ሲታይ ጄፔግን በልጠውታል። ችግሩ ሁሉም ቦታ አለመከፈታቸው ነው። የቆየ ፎቶሾፕ ያለው ኮምፒውተር ዌብፒን አይከፍትም። ያኔ ሠራተኛው የሚያደርገው ምንድን ነው? ስክሪንሻት ያነሳል። ከዌብፒ የተገኘው ጥቅም ሁሉ እዚያች ሰከንድ ላይ ገደል ይገባል። ማተሚያ ቤት ለሚሄድ ፎቶ ዛሬም ጄፔግን መምረጥ ያስተማምናል።

## ቅጹ 240 ኪሎባይት ሲል

ኢንተርኔት ቤቶች ውስጥ የሚታይ ሌላ ጣጣ አለ። የዲቪ መመዝገቢያ ለዓመታት የጠየቀው ፎቶ ጄፔግ የሆነ፣ ካሬ፣ ቢያንስ 600 በ600 ፒክስልና ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ ነው። ብዙ ሰው 240 ኪሎባይት ጥራት ይገድላል ብሎ ይሰጋል። አይገድልም። 600 በ600 ፎቶ ሳይጨመቅ ራሱ 1 ሜጋባይት ገደማ ነው። ወደ 240 ኪሎባይት ለማውረድ አራት ተኩል እጥፍ መጨመቅ ይበቃል፤ ስልካችሁ ከሚያደርገው ያነሰ ነው።

ጉዳቱ የሚመጣው ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው። ሙሉውን ባለ 12 ሜጋፒክስል ፎቶ «ሳይዝ ቀንስ» በሚል አፕ ወደ 240 ኪሎባይት ያወረደ ሰው 150 እጥፍ ጨምቆታል። ከዚያ ፊቱን ቆርጦ ሲያወጣ የቀረው ጭቃ ነው። መጀመሪያ መቁረጥ፣ ቀጥሎ ፒክስሉን ማስተካከል፣ በመጨረሻ መጨመቅ ነው ትክክለኛው።

## ሰነድ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል

ባነር ቢደበዝዝ ያሳፍራል። ሰነድ ሲደበዝዝ ግን መብት ሊነካ ይችላል።

የኤ4 ሰነድ በስልክ ተነስቶ በተለመደው መንገድ ቢላክ፣ 29.7 ሴንቲሜትሩ ቁመት በ1280 ፒክስል ይካፈላል። ለአንድ ሚሊሜትር ከአራት ፒክስል ትንሽ የሚበልጥ ይደርሰዋል። በተለመደ መጠን የተጻፈ የአማርኛ ፊደል ቁመቱ 3 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ 13 ፒክስል ማለት ነው። የፊደላችን ልዩነት ያለው ደግሞ በትንንሽ ቅጥያዎች ላይ ነው። የ«ሉ» ቅጥያ ወገቡ ላይ፣ የ«ሊ» እግሩ ላይ ትወጣለች። «ኑ» እና «ኔ»ን የምትለያቸው አንዲት ሰረዝና አንዲት ቀለበት ናት። የቅጥያዋ ውፍረት አንድ ወይም ሁለት ፒክስል ቢሆን ነው። ጭመቃ ቀድሞ የሚጥለው ደግሞ እንዲህ ያለውን ጥቃቅን ነገር ነው። «ብርሃኑ» እና «ብርሃኔ» በደበዘዘ ኮፒ ላይ የሚምታቱት እዚህ ላይ ነው። ለፊደላችን የሚሆን ጥንቃቄ ለላቲን ፊደል ከሚደረገው መብለጥ ያለበት ይመስለኛል።

ብዥ ያለ ፊደል ግን ቢያንስ ብዥ ማለቱ ይታያል። ጥርት ብሎ የሚሳሳት ጭመቃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ዴቪድ ክሪዝል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒውተር ባለሙያ የሕንፃ ፕላን በዜሮክስ ማሽን ሲያነሳ፣ ስፋቱ 21.11 ካሬ ሜትር የሆነ ክፍል ኮፒው ላይ 14.13 ተብሎ ወጣ። ቁጥሩ ፍጹም ጥርት ያለ ነበር። ምክንያቱ ጄቢግ2 የሚባል የጭመቃ ዘዴ ነው። ማሽኑ ቦታ ለመቆጠብ የሚመሳሰሉ ቁርጥራጮችን አንድ ነው ብሎ ይቆጥርና፣ በአንዱ ምስል ሌላውን ይተካል። 6ን በ8 የተካበትም ጊዜ ነበር። ኩባንያው በኋላ የሶፍትዌር ማስተካከያ አወጣ።

ዛሬ ተመሳሳይ ጥያቄ የሚነሳው በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፎቶ «በሚያጠሩ» አፖች ላይ ነው። ደጋፊዎቻቸው የጠፋ ፎቶ ተመለሰ ይላሉ። ውጤቱም በእርግጥ ያምራል። አፑ ግን የጠፋውን ፒክስል አያውቀውም። ከብዙ ሚሊዮን ፎቶዎች በተማረው መሠረት እዚያ ቦታ ሊኖር የሚችለውን ዓይን፣ ሊኖር የሚችለውን ጥርስ ይስላል። ለግድግዳ ጌጥ ይሁን። የሟች እናትን ፊት ለማስታወስ ግን የሌላ ሴት ዓይን ማየት ምን ያህል ማጽናኛ ይሆናል? ለመታወቂያና ለሰነድ ደግሞ ጨርሶ መዋል የለበትም።

## ዳታው በብር ነው

ይህ ሁሉ ተብሎ ጭመቃን ጠላት ማድረግ ፍትሐዊ አይሆንም። 300 ፎቶ ያለው የምርቃት አልበም እያንዳንዱ 4 ሜጋባይት ቢሆን 1.2 ጊጋባይት ነው። 200 ኪሎባይት ሲሆን 60 ሜጋባይት ብቻ ይሆናል። ይርጋለም ወይም አለታ ወንዶ ላለች አክስት፣ በጥቅል ለምትጠቀም፣ ልዩነቱ ፎቶውን የማየትና ያለማየት ነው። በቴሌግራም የተጨመቀው ፎቶ ከቤተሰብ ለቤተሰብ ሲላክ ሥራውን በትክክል ሠርቷል።

አንዳንድ ባለሙያዎች ሁሉንም ፎቶ በሮው፣ ማለትም ካሜራው የያዘውን ጥሬ መረጃ ሳይነካ፣ አስቀምጡ ይላሉ። ለሰርግና ለስቱዲዮ ሥራ እውነታቸውን ነው፤ ብርሃንና ቀለም በኋላ ለማስተካከል ሰፊ ቦታ ይሰጣል። ለሌላው ሰው ግን በጥሩ ጥራት ከካሜራው የወጣ ጄፔግ ከበቂ በላይ ነው። ቁም ነገሩ ያ የመጀመሪያው ጄፔግ መቀመጡ ላይ ነው።

## የከተማዋ ፎቶዎች

በሲዳማ የዘመን መለወጫ በዓል በፍቼ ጫምባላላ ወቅት፣ በዓሉ በሚከበርበት በጉዱማሌ ስንት ፎቶ እንደሚነሳ በዓሉ ላይ የተገኘ ሁሉ ያውቀዋል። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የሽማግሌዎቹ ፊት፣ የአለባበሱ ጥልፍ፣ ቄጣላ የሚባለው ባህላዊ ጭፈራ እንቅስቃሴ በየዓመቱ በብዙ ካሜራ ይቀረጻል። ከዚያ ፎቶዎቹ ቻናልና ገጽ ላይ ይለጠፋሉ። ስልኩ ሲሞላ ኦሪጅናሉ ይሰረዛል፤ «ቻናሉ ላይ አለ» ተብሎ። ቻናሉ ላይ ያለው ግን ከአሥር ፒክስል አንዱ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ የጥልፉን አሠራር ከፎቶ ላይ ለማጥናት የሚፈልግ ተመራማሪ ክሩን ሊያየው አይችልም።

ያሳሰበኝ ከባነሩ ይልቅ ይህ ነው። ባነር ከሳምንት በኋላ ይወርዳል። የበዓል፣ የት/ቤት፣ የቤተ ክርስቲያን፣ የዕድር ፎቶ ግን ተመልሶ አይነሳም። ለመጠበቅ የሚጠይቀውም ብዙ አይደለም። አንድ 64 ጊጋባይት ፍላሽ 4 ሜጋባይት የሚመዝኑ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ፎቶዎችን ይይዛል። ፍላሽ ስለሚበላሽ ሁለት ቦታ ማስቀመጥ ይሻላል። በየበዓሉ አንድ ሰው ኃላፊነት ተሰጥቶት ኦሪጅናሎቹን በፍላሽ ወይም በፋይል ይሰብስብ፤ ቀኑንና ቦታውን ጽፎ ለባህል ቢሮ ወይም ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ያስረክብ። ይህ መሆን ያለበት በበዓሉ ሳምንት ውስጥ ነው፤ ፎቶ አንሺው ለሚቀጥለው ሰርግ ብሎ ሚሞሪ ካርዱን ፎርማት ከማድረጉ በፊት።